ስለ ጥንቱና ስለ አሁኑ ቋንቋ ትምህርት
በደብራችን የ50ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እግዚአብሔር በቸርነቱ ይህች ቤተ ክርስቲያን የተተከለችበትን 50ኛውን ዓመት በአንድነት ተሰብስበን እንድናከብር ስላደረሰን ምስጋና ለእርሱ ይሁን። ከእኔ አስቀድመው የተናገሩት አባቶች የደብሩን ታሪክና የመሥራቾቹን ድካም በሚገባ አስረድተዋል። እኔም የታዘዝሁት ለክህነትና ለመምህርነት ለሚዘጋጁ ልጆቻችን ስለሚያስፈልገው የቋንቋ ትምህርት ጥቂት ቃል እንድናገር ነው። ይህ ነገር ለሊቃውንት ብቻ የሚገባ እንጂ የምእመናን ጉዳይ ያልሆነ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ እንዳይደለ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ይህን በዓል ኢዮቤልዩ ብለነዋል። ቃሉ የዕብራይስጥ ነው፤ የአውራ በግ ቀንድ ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈ 50ኛው ዓመት ሲደርስ ቀንደ መለከት ይነፋ ስለ ነበረ፥ ዓመቱ በቀንዱ ስም ተጠራ። በዚያም ዓመት ባርያ የሆነው ነፃ ይወጣል፤ ከድኽነት የተነሣ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ የቃሉን ፍቺ ያወቀ ሰው ይህ በዓል የመብልና የመጠጥ፣ የዝማሬና የእልልታ ቀን ብቻ እንዳይደለ፥ ርስት የሚመለስበት ዓመት እንደ ሆነ ያስተውላል። እኔም ዛሬ የምናገርለት ርስት ከእጃችን በጥቂት በጥቂቱ እየወጣ ያለው የቋንቋ ርስት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ከእናንተ ብዙው ሰው ከአገሩ ቋንቋ በቀር ሌላ የማይናገር ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ሁላችሁም ትናገራላችሁ። ካህኑ ጸሎቱን ሲፈጽም አሜን፣ በበዓል ቀን ሃሌ ሉያ፣ ዘንባባ ይዛችሁ ሆሣዕና ስትሉ የተናገራችሁት የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ የመጀመሪያው በእውነት ይሁን፣ ሁለተኛው እግዚአብሔርን አመስግኑ፣ ሦስተኛው እባክህ አድን ማለት ነው። በሰሙነ ሕማማት ስትሰግዱ ኪርያላይሶን የምትሉት የጽርዕ፣ ማለት የግሪክ ቃል ነው፤ ፍቺውም አቤቱ ምሕረት አድርግ ነው። እብኖዲና ናይናን የቅብጥ ቃሎች ናቸው፤ የፊተኛው አምላክ፣ የኋለኛው ማረን ማለት ነው። ታኦስ በጽርዕ አምላክ፣ ትስቡጣም በጽርዕ ጌታ ሆይ ማለት ነው፤ ማስያስና አማኑኤል ግን ከዕብራይስጥ የመጡ ናቸው። ፊደል ያልቈጠረች አንዲት ባልቴት በስቅለት ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወድቃ ስትሰግድ የዕብራውያን፣ የጽርዕ፣ የቅብጥና የግእዝ ቃል በአንደበቷ ይገኛል። እግዚአብሔር ልብን የሚያይ ስለ ሆነ ጸሎቷን ይቀበላል፤ የቃሉን ፍቺ ያላወቀ ሰው ጸሎት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ልጇ ጠጋ ብሎ ካህኑን፥ አባቴ፥ እብኖዲ ምን ማለት ነው? ብሎ ቢጠይቅ፥ ካህኑ ሊመልስለት ይገባል። እንዲሁ ነው የወረስነው ብሎ ቢያልፈው ግን ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄውን ወደ ሌላ ሥፍራ ይወስደዋል።

የክህነታችንም ስሞች እንዲሁ ናቸው። ዲያቆን በጽርዕ አገልጋይ፣ ኤጲስ ቆጶስ በላይ ሆኖ የሚጠብቅ፣ ወንጌልም የምሥራች ማለት ነው። ቀሲስ በሱርስት ሽማግሌ ማለት ነው፤ ሃይማኖት የሚለውም ቃል ከዚያው ወገን የመጣ ነው። ዲያቆን የስሙን ፍቺ ቢያውቅ በአገልግሎቱ አይታበይም። ዳግመኛም ከቤተ ክርስቲያናችን በስተ ምሥራቅ ያለችውን ትንሽ ቤት ተመልከቱ፤ የቍርባኑ ኅብስት የሚጋገርባት ስለ ሆነች ቤተ ልሔም እንላታለን። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። የሕይወት እንጀራ የሆነው ጌታ በእንጀራ ቤት ተወለደ፤ እኛም ሥጋው የሚሆነውን ኅብስት በዚያው ስም በተጠራች ቤት እንጋግራለን። ይህን ያህል ምሥጢር በአጥራችን ውስጥ ቆሞ ሳለ የቋንቋው በር ስለ ተዘጋ ብቻ ሳናየው እናልፋለን።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሃይማኖታችን በጽሑፍ ወደ እኛ የደረሰችው በትርጕም ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የጢሮስ ሰው ነበሩ፤ ጵጵስናን የተቀበሉትም በእስክንድርያ በጽርዕ ቋንቋ ከሚጽፈውና ከሚያስተምረው ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነው። በዘመኑ የነበረው የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሕፈት በአክሱም በግእዝና በጽርዕ ቋንቋ፣ ዳግመኛም በሳባ ፊደል ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል። የግእዝ ቍጥራችንም ቢሆን ቅርጹ ከጽርዕ ፊደል የመጣ ነው። ብሉይ ኪዳን ሰብዓ ሊቃናት ከተረጐሙት ከጽርዕ፣ ሐዲስ ኪዳንም ከጽርዕ ወደ ግእዝ ተመለሰ። በእንዳ አባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች በዘመናችን በምርመራ እንደ ተረጋገጠው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተጻፉ ናቸው፤ በዓለም ላይ ከሚገኙት በሥዕል ከተጌጡ ወንጌሎች ሁሉ እጅግ ከቀደሙት መካከል ይቈጠራሉ።

ከዚህ በኋላ የግብፅ ክርስቲያኖች ቋንቋ ዓረብኛ ሲሆን፥ አባቶቻችን ዓረብኛ የእስላም ቋንቋ ነው ብለው አልሸሹም። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ጳጳስ አባ ሰላማ መተርጕም እስኪባሉ ድረስ አያሌ መጻሕፍትን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ እንዲመለሱ አደረጉ። ስንክሳር፣ ሃይማኖተ አበው፣ ፍትሐ ነገሥት ሁሉ በዓረብኛ በኩል አልፈው የመጡ ናቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ እንባቆም ከየመን አገር የመጡ ሲሆኑ የዓረብኛን መጽሐፍ በግእዝ ተርጕመዋል፤ አንቀጸ አሚን የተባለውንም መጽሐፍ ደርሰው ለሃይማኖታቸው ተከራክረዋል። ዛሬ በመጻሕፍተ መነኮሳት የምናነባቸው ማር ይስሐቅና አረጋዊ መንፈሳዊ ደግሞ መጀመሪያ የተጻፉት በሱርስት ነው፤ ከሱርስት ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ፣ ከግእዝም በመምህራን አፍ ወደ አማርኛ ደረሱ። አንድ መጽሐፍ ሦስት ወንዝ ተሻግሮ ሲመጣ፥ በየወንዙ ዳር የቆመ አሻጋሪ ነበረ ማለት ነው። እኛ የተሻገረውን እንበላለን፤ አሻጋሪዎቹን ግን አልተካንም።

እንግዲህ ለመምህርነት የሚዘጋጅ ሰው የሚያስፈልጉትን ቋንቋዎች በሦስት ክፍል ከፍዬ ልናገር። 1ኛው መጽሐፉ የተቀመጠበት ቋንቋ ነው፤ 2ኛው መጽሐፉ የመጣበት ቋንቋ ነው፤ 3ኛው ሰሚው የሚሰማበት ቋንቋ ነው።

መጽሐፉ የተቀመጠበት ቋንቋ ግእዝ ነው። በአማርኛ ንግግራችን ሀና ሐና ኀ፣ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ አልተለዩም፤ በግእዝ ግን የቃሉን ፍቺ ይለውጣሉ። በንጉሡ ሠ ሠረቀ ሲል ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሰረቀ ሲል ግን የሌባ ሥራ ነው። ፊደሉን ያልለየ ጸሓፊ ፀሓይን ሌባ ያደርጋታል። በሃሌታው ሀ መሀረ አስተማረ፣ በሐመሩ ሐ መሐረ ይቅር አለ ማለት ነው። ሰአለ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ለመነ ማለት ሲሆን፥ ሠዐለ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ፊደሉን ያሳሳተ ሰው እመቤታችንን ለምኝልን በማለት ፈንታ ሣይልን ይላታል። እንደዚሁም በሁለቱ ቋንቋ አንድ መስሎ ፍቺው የተለየ ቃል አለ። በአማርኛ አገር ስንል ሰፊውን ምድር ነው፤ በግእዝ ግን ሀገር ማለት ከተማ ነው። ስለዚህ ሀገረ ዳዊት የሚለውን ሰምቶ የዳዊት መንግሥት ግዛት የሚመስለው አለ፤ መጽሐፉ ግን የሚናገረው ስለ አንዲት ከተማ ነው።

ይህን ሁሉ አባቶቻችን በዘፈቀደ አልተዉትም። ልጁ በንባብ ቤት ዳዊት ይደግማል፤ ዜማና ቅዳሴ ይማራል፤ ከዚያ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ግሱን፣ ርባ ቅምሩን፣ አገባቡን አጥንቶ 2 ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ 8 ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በራሱ አሳብ መቀኘት ይለምዳል። ግእዝ የሞተ ቋንቋ ነው የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን በዋሸራ ወይም በጎንጅ ቅኔ ቤት ቢውሉ አሳባቸውን ይለውጣሉ፤ በየቀኑ ትናንት ያልነበረ ቅኔ የሚወለድበት ቋንቋ ሞተ አይባልም። የሚያሠጋው ሌላ ነው። ዳዊትን በቃሉ የሚደግም ካህን ብዙ ሲሆን የደገመውን ሊፈታ የሚችለው እያነሰ መሄዱ ነው። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው የኢትዮጵያ ንግሥት ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ ግን ማንበቡን አይቶ አላለፈውም፤ ታስተውለዋለህን? ብሎ ጠየቀው። ይህ ጥያቄ ዛሬም ለእኛ የቀረበ ነው።

መጽሐፉ የመጣበት ቋንቋ በመጀመሪያ ዕብራይስጥና ጽርዕ ነው። ዕብራይስጥ ለግእዝ ተማሪ ዘመዱ ነው። ቤት በዕብራይስጥ ባይት፣ ስም ሼም፣ ሰላም ሻሎም፣ ርእስ ሮሽ፣ ነፍስ ኔፌሽ፣ ሰማይ ሻማይም፣ መልአክ ማልአክ ይባላል። ሌላው ሕዝብ በብዙ ድካም የሚለምደውን የሦስት ፊደል ግስ የእኛ የቅኔ ተማሪ በጎጆው አጥንቶታል። እንግዲህ ይህ ዕድል ያለው ሰው ሳይጠቀምበት ቢቀር ያሳዝናል።

የዚህ ትምህርት ጥቅም በመንደራችንም ይታያል። አንድ ወጣት በእንግሊዝኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መጥቶ፥ በእናንተ ዳዊት 50ኛ የሆነው መዝሙረ ንስሓ በዚህ 51ኛ ነው፤ የቱ ተሳሳተ? ቢል ምን እንመልስለታለን? ማንም አልተሳሳተም። ሰብዓ ሊቃናት ዕብራይስጡ ለሁለት የከፈላቸውን 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ አድርገው ስለ ቈጠሩ፥ ከዚያ በኋላ ያለው ብዙው መዝሙር በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የእኛም ዳዊት የእነርሱን ቍጥር የተከተለ ነው። ሌላው ደግሞ ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ አማኑኤል መወለድ በተናገረው ቃል ዕብራይስጡ ዓልማ፣ ማለት ቈንጆ፣ ወጣት ሴት ይላል እንጂ ድንግል አይልም ብሎ ይከራከራል። ለዚህ በቍጣ መመለስ አይጠቅምም። ክርስቶስ በሥጋ ከመወለዱ በፊት የነበሩ አይሁድ መተርጕማን ራሳቸው ያንን ቃል በጽርዕ ፓርቴኖስ፣ ማለት ድንግል ብለው መተርጐማቸውን፥ ቅዱስ ማቴዎስም ያንኑ ቃል መጥቀሱን የሚያውቅ ካህን በትሕትና ያስረዳዋል። የማያውቅ ግን ወይ ይቈጣል፣ ወይ ዝም ይላል፤ ሁለቱም ልጁን ያርቁታል።

ከዚህም የሚበልጠው የምሥጢረ ሥጋዌ ነገር ነው። እኛ ባሕርይና አካል የምንላቸው ቃሎች በጽርዕ ፊሲስና ሂፖስታሲስ የሚባሉትን ለመግለጽ ያገለግላሉ። በ451 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኬልቄዶን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን ስትከፈል፥ አንዱ ወገን እነዚህን ቃሎች በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይናገር ነበር። ከዚያም ወዲህ የውጭ ሰዎች እኛን ሞኖፊሲት እያሉ ሲጠሩን ኖረዋል። ሞኖስ በጽርዕ ብቻ ማለት ስለ ሆነ፥ ስሙ የክርስቶስን ሰውነት እንደ ካድን ያስመስላል። ቅዱስ ቄርሎስ ያስተማረው ግን ሚያ በሚለው ቃል ነው፤ ይህም ከተዋሕዶ በኋላ ያለችውን አንዲት ባሕርይ ያሳያል እንጂ ሥጋን አያጠፋም። በአንዲት አጭር ቃል ምክንያት 1500 ዓመት ተወቅሰናል፤ ለመመለስም ጽርዕ የሚያውቅ ሰው አስፈለገ። በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ የሁለቱ ወገን የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ተገናኝተው ሲነጋገሩ፥ በልዩ ልዩ ቃል አንዱን እውነት ሲናገሩ እንደ ነበሩ መስክረዋል። እንዲህ ያለው ጉባኤ በ1971 በአዲስ አበባም ተደርጓል። ወደ እንዲህ ያለ ሸንጎ የምንልከው ሰው የሌላውን ቃል በአስተርጓሚ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ስለ እኛ የሚፈርደው አስተርጓሚው ነው።

ሱርስትም አያስፈልግም አትበሉ። የአንጾኪያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ሳዊሮስ መጻሕፍቱን የጻፈው በጽርዕ ነበር፤ በ536 ንጉሥ ዮስጢንያኖስ እንዲቃጠሉ ስላዘዘ አብዛኛው በጽርዕ ጠፋ፤ ዛሬ የሚነበበው ሶርያውያን ወደ ቋንቋቸው መልሰው ስለ ጠበቁት ነው። ሄኖክና ኩፋሌም በአንጻሩ ሙሉ ሆነው የተገኙት በእኛ በግእዝ ብቻ ነው። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ ቍራጮች በአራማይስጥ፣ የኩፋሌም ቍራጮች በዕብራይስጥ ተገኝተዋል። ሶርያውያን የእኛን አባት ጠበቁልን፤ እኛም የዓለሙን መጽሐፍ ጠበቅን። ኩፋሌ ዘመንን ሁሉ በኢዮቤልዩ የሚቈጥር መጽሐፍ ስለ ሆነ በዚህ ቀን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም።

3ኛው ሰሚው የሚሰማበት ቋንቋ ነው። የአንድምታ መምህራን ትልቅነት በዚህ ይታወቃል፤ ንባቡን በግእዝ ያወጡና ፍቺውን ለተማሪው በሚገባው በአማርኛ ያወርዳሉ፤ አንድም፣ አንድም እያሉ የአሳቡን መንገድ ሁሉ ያሳያሉ፤ የሌላ ቅጂ ንባብ ሲያገኙም አብነት ብለው ያመጡታል። ስለዚህ የጥንቱንና የአሁኑን ቋንቋ አጣምሮ መማር ከውጭ የመጣ አዲስ ልማድ ሳይሆን የገዛ ጉባኤያችን ሥርዓት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አቡ ሩሚ የተባሉት መነኵሴ በካይሮ 10 ዓመት ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ተረጐሙ፤ ሥራቸውም ታትሞ ከ1824 ጀምሮ ወደ ሕዝብ ደረሰ። ኦነሲሞስ ነሲብም ከአስቴር ጋኖ ጋራ ደክመው የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 አሳተሙ። የአገራችን ሕዝብ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚናገር ስላይደለ፥ የነገው ካህን አማርኛን አሣምሮ ከመናገር በቀር ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም በተሾመበት አገር የሚነገረውን ቋንቋ ሊያውቅ ይገባዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የተወለዱት የልጅ ልጆቻችን ደግሞ የሚያስቡት በእንግሊዝኛና በሌላው ቋንቋ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሰሚው ከማያውቀው ከእልፍ ቃል ይልቅ የሚያንጽ አምስት ቃል እንደሚሻል ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። በጰራቅሊጦስ ቀንም መንፈስ ቅዱስ ሕዝቡን ሁሉ የሐዋርያትን ቋንቋ ልመዱ አላለም፤ ሐዋርያትን በሕዝቡ ቋንቋ አናገራቸው እንጂ።

ወገኖቼ ሆይ፤ ይህን ሁሉ ቸል ብንል የሚደርስብንን ላመልክት። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት የመካነ ሥላሴ ሰው በጀርመን አገር በጎታ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋራ ተቀምጠው የግእዝንና የአማርኛን ነገር አስረዱት፤ ሉዶልፍም ከዚያ ትምህርት ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። ከእርሱ በኋላ አውጉስት ዲልማን በ1865 ታላቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን የተፈታው በሮማይስጥ፣ ማለት በላቲን ነው። ኢትዮጵያዊ የገዛ መጽሐፉን ቃል በዚያ መዝገብ ለመፈለግ አስቀድሞ የሮማውያንን ቋንቋ መማር ግድ ሆነበት። ይህን ዕዳ ያቃለሉልን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥና ሱርስት ጭምር ተምረው ያሰፉት፣ የእርሳቸውም ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ከመምህሩ ሞት በኋላ በ1948 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር ያሳተሙት መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ነው። ሦስት ትውልድ አንዱ ለአንዱ አደራ እየሰጠ አንድ መጽሐፍ አደረሰልን። በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በካይሮና በጀርመን አገር ተምረው፥ በአሜሪካ ተቀምጠው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ኖሩ። እነዚህ ሰዎች የውጭ ቋንቋ ስላወቁ ግእዝን አልጣሉም፤ ይልቁንም በውጭው ብርሃን የቤታቸውን ዕቃ አዩበት።

አንዳንድ ሰው የውጭ ቋንቋ የውጭ ሃይማኖት ያመጣል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አልንቀውም። ነገር ግን ለዚህ መድኃኒቱ ሥርዓት ነው። ተማሪው አስቀድሞ በቅኔና በትርጓሜ ጸንቶ፥ በገዛ መምህሩ እጅ በስሎ ሲወጣ፥ ሌላው ቋንቋ መሣሪያ ይሆነዋል። ሥር ሳይሰድ የወጣ ግን በአማርኛም ቢሆን ይወሰዳል። ሌላው ደግሞ እውቀት ያስታብያል ይላል፤ እውነት ነው፤ አለማወቅም ግን ያስታብያል፤ ይልቁንም ትዕቢቱን የሚገሥጽለት አያገኝም። ሁሉም ሰው ሁሉን ቋንቋ ይማር አልልም። ከአንዲት ደብር አንድ ጽርዕ የሚያውቅ፣ አንድ ዓረብኛ የሚያነብ፣ ሁለት ቅኔ የሚያወርዱ፣ ሁሉም ደግሞ ያነበቡትን የሚፈቱ ካህናት ቢገኙ ይበቃል።

ስለዚህ ይህ የኢዮቤልዩ ዓመት ሳያልፍ አራት ነገር እንድናደርግ አሳቤን አቀርባለሁ። 1ኛ፤ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ለሕፃናት ግማሽ ሰዓት የግእዝ ግስ ከፍቺው ጋራ ይነገር፤ በቅዳሴ የሰሙትን ቃል በዚያው ቀን ይፍቱት። 2ኛ፤ ከዲያቆናቱ ሁለቱን መርጠን ወደ ቅኔ ቤት እንስደድ፤ ስንቃቸውንም ደብሩ ይቻል፤ ተማሪው ቍራሽ ሲለምን ከሚያጠፋው ጊዜ ግማሹን ለግሱ ያውለው። ቅኔ ከተቀኘም በኋላ ወደ መንፈሳዊ ኮሌጅ ገብቶ ጽርዕና ዕብራይስጥ እንዲማር፥ ተመልሶም እንዲያገለግለን ቃል ያስገቡት። 3ኛ፤ ለጣራው እድሳት ከተሰበሰበው ገንዘብ ሳንነካ፥ በየወሩ ጥቂት በማዋጣት መዝገበ ቃላቶችና ሰዋስዎች የሚቀመጡበት አንድ የመጻሕፍት ሣጥን እንጀምር። 4ኛ፤ በአካባቢያችን ያሉት አረጋውያን የትርጓሜ መምህራን በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ድምፅ በሚቀዳ መሣሪያ እንቅዳ፤ ልጆቻችንም ይጻፉት። ሕንጻ ቢፈርስ ድንጋዩ በሥፍራው ይገኛልና ይታነጻል፤ ያልተጻፈ ትርጓሜ ግን ከመምህሩ ጋራ መቃብር ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። የዛሬ 50 ዓመት ይህን መሠረት የጣሉት አባቶች ጥላውን ራሳቸው እንደማያርፉበት እያወቁ በዙሪያው ጽድና ወይራ ተከሉ። እኛም ዛሬ አንድ ሕፃን ሠን ከሰ ለይቶ እንዲጽፍ ብናስተምር፥ ፍሬውን የሚያየው የሚመጣው ትውልድ ነው።

በየቋንቋው የሚመሰገን እግዚአብሔር አምላካችን የአባቶቻችንን መጻሕፍት የሚያነብብ ዐይን፣ የሚያስተውል ልብ፣ ለወገኑ የሚያስረዳ አንደበት ለልጆቻችን ይስጥልን። ለዚህች ደብር ካህናትና ምእመናን ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ያረፉትን መሥራቾች ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።